የትኛውን ሻይ ልምረጥ? የሻይ ቅጠልና የዕፅዋት ሻይ የንጽጽር መመሪያ

ጥቁር፣ አረንጓዴ፣ ነጭ፣ ኡሎንግ፣ ሮይቦስ፣ ካሞማይል፣ ከርከዴ። ዓይነቱ ሲበዛ መምረጥ ይከብዳል። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ካርቶን የራሱን ተስፋ ይዞ ይመጣል። አንዱ «ያረጋጋል» ይላል። ሌላው «ስብ ያቃጥላል»፣ ሦስተኛው ደግሞ «ሰውነትን ከመርዝ ያጸዳል» ይላል። ገዢ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ሻይ መመረጥ ያለበት በምትጠጡበት ሰዓት፣ በምትወዱት ጣዕምና በሰውነታችሁ ሁኔታ ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው የጤና ተስፋ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይታያል። ሰውነትን ማጽዳት የጉበትና የኩላሊት ሥራ ነው፤ ያንን ሥራ የሚቀማ ቅጠል የለም። ሻይ የሚሰጠው ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው። ስኳር የበዛበትን መጠጥ ይተካል። ፈሳሽ እንድንወስድ ያደርጋል። ለጥቂት ደቂቃም ቢሆን ቁጭ ያሰኛል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ሻዩ ከጣመን ነው። የማይጥም ሻይ የቱንም ያህል ቢወደስ ቁም ሳጥን ውስጥ ያረጃል።

መለኪያዎቹ

አምስት መለኪያ ይበቃናል። የመጀመሪያውና ዋናው ካፌይን ነው።

ጥቁር፣ አረንጓዴ፣ ነጭ፣ ኡሎንግና ፑኤር የሚገኙት ካሜሊያ ሳይነንሲስ ከሚባል ከአንድ ተክል ነው። ሁሉም ካፌይን አላቸው። 240 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ኩባያ ጥቁር ሻይ በአማካይ 47 ሚሊ ግራም ገደማ ይይዛል። አረንጓዴው 30 ይጠጋል። ያው መጠን ያለው የተጣራ ቡና 95 አካባቢ ነው። ቅጠሉ፣ የውሃው ሙቀትና የቆየበት ደቂቃ ቁጥሩን ከፍና ዝቅ ያደርጉታል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2015 ባወጣው ግምገማ ለጤነኛ አዋቂ በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም፣ ለነፍሰ ጡር ደግሞ እስከ 200 ሚሊ ግራም ስጋት እንደሌለው ገልጿል።

የሚረሳው ነገር ጊዜው ነው። ከጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ከጠጣችሁት ሻይ ግማሹ ካፌይን ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ገና ውስጣችሁ ነው። እንቅልፍ እምቢ የሚላችሁ ከሆነ ከማንኛውም «የሚያስተኛ ሻይ» በፊት ይህን ሰዓት አስተካክሉ። ቅጠሉን ለ30 ሴኮንድ በሙቅ ውሃ አለቅልቆ መድፋት ካፌይኑን ያስወጣል የሚባለውን አትመኑ። የሚወጣው ጥቂቱ ብቻ ነው።

ሁለተኛው መለኪያ ጣዕም ነው። አሁን ከምትወዱት ነገር ተነሱ። ኮምጣጣ የሚወድ ሰው ከርከዴ ይስማማዋል። ጠንከር ያለና በወተት የሚጠጣ ነገር የለመደ ሰው ወደ ህንዱ አሳም ጥቁር ሻይ ወይም ወደ ሮይቦስ ቢሄድ ይሻለዋል። የአበባ ሽታ የሚማርከው ኡሎንግን ወይም በጃስሚን የታጠነ አረንጓዴ ሻይን ይሞክር። ምሬት ፈጽሞ የማይወድ ሰው ደግሞ ከአረንጓዴ ሻይ ባይጀምር እመርጣለሁ።

ሦስተኛው የአፈላሉ ጣጣ ነው። አንዳንዱ ሻይ ስህተት ይችላል። ውሃው ቢፈላ፣ ሰዓቱ ቢረሳ ምንም አይሆንም። አንዳንዱ ደግሞ በሁለት ደቂቃ ልዩነት ይበላሻል። ጠዋት እየሮጠ የሚወጣ ሰው ሁለተኛውን ዓይነት መግዛቱ ለብስጭት ነው።

አራተኛው የሰውነታችን ሁኔታ ነው፤ እርግዝና፣ ደም ማነስ፣ ቃር፣ አለርጂና የምንወስደው መድኃኒት። በእያንዳንዱ ዓይነት ሥር እመለስበታለሁ። ሁሉንም የሚመለከቱ ሁለት ነገሮች ግን እዚሁ ይነገሩ። አንደኛ፣ ሻይ ከምግብ የምናገኘውን የብረት ንጥረ ነገር፣ በተለይ ከእህልና ከአትክልት የሚገኘውን፣ ሰውነት በሚገባ እንዳይወስድ ያደርጋል። ጥቁር ሻይ በዚህ ይታወቃል፤ ፔፐርሚንትና ካሞማይልም በመጠኑ እንዲሁ ናቸው። ደም ማነስ ያለበት ሰው ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል አርቆ ቢጠጣ ጥሩ ነው። ሁለተኛ፣ በጣም ትኩስ አትጠጡ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2016 ከ65 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሆነ መጠጥን «የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ሊያመጣ የሚችል» ብሎ መድቦታል። ችግሩ ሙቀቱ ነው እንጂ ቅጠሉ አይደለም። ጥቂት ደቂቃ ጠብቁት።

አምስተኛው ዋጋ ነው። የካርቶኑ ዋጋ ያሳስታል። ለአንድ ኩባያ 2.5 ግራም ቅጠል ቢያስፈልግ 100 ግራም 40 ኩባያ ይወጣዋል። ቅጠሉ ሁለቴ የሚፈላ ከሆነ 80 ኩባያ ነው። 20 ከረጢት ያለበት ካርቶን ግን ብዙ ጊዜ 40 ግራም ገደማ ብቻ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ዋጋውን ለግራሙ አካፍሉና አወዳድሩ። ውድ የመሰለው ስንት ጊዜ ርካሽ ሆኖ ይገኛል።

ከሻይ ተክል የሚገኙት

አንድ ተክል ይህን ሁሉ ዓይነት የሚሰጠው በአዘገጃጀቱ ነው። የተቀጠፈ ቅጠል አየር ሲያገኘው ይጠቁራል፤ ጣዕሙም ይለወጣል። አረንጓዴ ሻይ ቶሎ በሙቀት ስለሚመታ ለውጡ ገና ሳይጀምር ይቆማል። ጥቁር ሻይ እስከ መጨረሻው ይተዋል። ኡሎንግ መሀል ላይ ነው። ነጭ ሻይ ጠውልጎ ይደርቃል፣ በቃ።

*ጥቁር ሻይ* ለጀማሪ በጣም ቀላሉ ነው። የፈላ ውሃ ይወዳል። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ሲቆይ ጎምዛዛ ይሆናል፤ ወተት ግን ያለሰልሰዋል። እርስ በርሱ ያለው ልዩነት ሰፊ ነው። አሳም ወፍራምና ብቅል ብቅል የሚል ነው። በመጀመሪያው የፀደይ ለቀማ የተሰበሰበ የህንዱ ዳርጂሊንግ ቀለል ያለና አበባ አበባ የሚል ሲሆን ወተት ቢጨመርበት ያሳዝናል። የሲሪላንካው ሲሎን ጥርት ብሎ ሎሚ ይስማማዋል። ላፕሳንግ ሱሾንግ በጥድ ጭስ የታጠነ ነው፤ ሰው ወይ ይወደዋል ወይ ይጠላዋል። ኧርል ግሬይ ደግሞ ቤርጋሞት ከሚባል ፍሬ ልጣጭ በሚወጣ ዘይት የተሸተተ ጥቁር ሻይ ነው።

ከፍታ ቦታ ላይ የምትኖሩ አንድ ነገር አስታውሱ። በ2,000 ሜትር ከፍታ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ጥቁር ሻይና የዕፅዋት ሻይ አንድ ደቂቃ ጨምሩላቸው።

*አረንጓዴ ሻይ* ላይ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው በቅጠሉ ጥፋት አይደለም። የፈላ ውሃ ስለሚያፈስበት ነው። የሚፈልገው ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ውሃና 2 ደቂቃ ገደማ ነው። ቴርሞሜትር አያስፈልግም። 3 እጅ የፈላ ውሃ ላይ 1 እጅ የክፍል ሙቀት ያለው ውሃ ጨምሩ፤ 80 ይጠጋል። የቻይናው ብዙ ጊዜ በብረት ምጣድ ስለሚታመስ እንደ ሎንግጂንግ ያለው የተቆላ ለውዝ የሚመስል ጣዕም አለው። የጃፓኑ ሴንቻ በእንፋሎት ስለሚመታ ጣዕሙ ወደ እርጥብ ሣር ያደላል። ምሬት የማይወድ ሰው አረንጓዴ ሻይ መሞከሩ ካልቀረ ከቻይናው ቢጀምር ይሻላል።

ማቻ ከዚሁ ወገን ነው፤ በጥላ ሥር ያደገ ቅጠል ተፈጭቶ ከነዱቄቱ ይጠጣል። ቅጠሉ በሙሉ ስለሚጠጣ ካፌይኑ ከተራ አረንጓዴ ሻይ ይበልጣል። ማሸጊያው ላይ «ለሥነ ሥርዓት የሚሆን» የሚለው ደረጃ በሕግ የተወሰነ መለኪያ የለውም። ቀለሙን እዩ። ደማቅ አረንጓዴ ከሆነ ጥሩ፣ ወደ ቢጫ ያደላ ከሆነ ያረጀ ወይም ዝቅ ያለ ነው። ከወተትና ከጣፋጭ ጋር ለመቀላቀል ከሆነ ውዱን መግዛት አያዋጣም።

*ነጭ ሻይ* በአብዛኛው ከቻይና ፉጂያን ግዛት ይመጣል። ነጭ ጸጉር የሸፈነው ለጋ እምቡጥ ነው። ጣዕሙ ስስ ነው፣ ዋጋው ውድ ነው። ካፌይኑ ከሁሉ ያነሰ ነው የሚባለው ሁልጊዜ እውነት አይደለም፤ ለጋ እምቡጥ ካፌይን ይበዛበታል። ጥቁር ሻይ የለመደ አፍ መጀመሪያ ላይ «ውሃ ነው» ሊለው ይችላል። ሻይ መቅመስ በጀመራችሁ በሁለተኛው ዓመት ብትሞክሩት እመክራለሁ።

*ኡሎንግ* ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ይገባዋልና። ብዙ ሰው የሚዘለው ዓይነት ነው። ከሁሉም ዓይነቶች የጣዕሙ ስፋት የሚገርመው ግን ይኸኛው ነው። ወደ አረንጓዴ የቀረበው፣ ለምሳሌ ከቻይናው አንሺ አውራጃ የሚመጣው ቲዬጓንዪን፣ ሽታው የአበባ ነው። ከዚያው አገር ዉዪ ተራሮች የሚመጣው ጠቆር ያለው ደግሞ በከሰል ሙቀት የተጠበሰ ነው፤ የተቆላ እህልና የደረቀ ፍሬ ያስታውሳል። የታይዋን ከፍተኛ ተራራ ኡሎንግ ቅቤ ቅቤ የሚል ልስላሴ አለው። ምሬቱ ትንሽ ነው። ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ውሃ ይበቃዋል፤ ትንሽ ቢሳሳቱበትም ይቅር ይላል።

ትልቁ ነገር ደጋግሞ መፍላቱ ነው። በትንሽ በራድ 5 ግራም ቅጠል ላይ 120 ሚሊ ሊትር ውሃ አፍሱና ከ30 ሴኮንድ በኋላ ቅዱት። እንደገና ሙሉት፣ በየዙሩ ጥቂት ሴኮንድ ጨምሩ። ጥሩ ቅጠል 5 እና 6 ዙር ይሄዳል። ሁለተኛው ዙር ከአንደኛው፣ አራተኛው ከሁለተኛው ይለያል። መጀመሪያ አበባው ይሸታል፣ መሀል ላይ ጣፋጭነቱ ይወጣል፣ መጨረሻ ላይ ወደ ማዕድን ውሃ ይጠጋል። ከአንድ እፍኝ የማትሞላ ቅጠል ይህን ሁሉ ማግኘት የሚያስደስት ነገር ነው። ለኪስም ያዋጣል።

*ፑኤር* ከቻይናው ዩናን ግዛት ይመጣል። በረቂቅ ሕዋሳት ስለሚብላላ የአፈርና የእርጥብ እንጨት ሽታ አለው። ቶሎ የሚበስለው ዓይነት አሠራር በ1973 ኩንሚንግ ውስጥ የተጀመረ ነው። የፈላ ውሃ አይፈራም። ይህ ቶሎ የሚበስለው ዓይነት ቢረሳም አይመርም። ጥቁር ቡና የሚወድ ሰው ቢሞክረው አይቆጭም።

ከሻይ ተክል ያልሆኑት

አብዛኞቹ ካፌይን የላቸውም። ጎላ ያለው ልዩ ሁኔታ የደቡብ አሜሪካው የርባ ማቴ ነው፤ ካፌይን አለው። ማታ «ዕፅዋት ነው» ብላችሁ እንዳትጠጡት።

*ሮይቦስ* በደቡብ አፍሪካ ሴደርበርግ አካባቢ የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው። ስሙ ከ2021 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ከዚያ አካባቢ ለሚመጣው ብቻ እንዲውል ተጠብቋል። ካፌይን የለውም። አፍ የሚያደርቀው ታኒን በጣም ትንሽ ነው። ስለዚህ 5 ደቂቃም 15 ደቂቃም ቢቆይ አይመርም። ወተት ይቀበላል። በራሱ ትንሽ ጣፋጭ ስለሆነ ስኳር ለመቀነስ ይረዳል። ከሰዓት በኋላ ጥቁር ሻይ ለማቆም የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ምትክ ያገኛል ብዬ አላስብም።

*ካሞማይል* የፖም ሽታ ያለው ለስላሳ አበባ ነው። እንቅልፍ ያመጣል የሚለው ማስረጃ ጠንካራ አይደለም። ግን ሞቅ ያለ፣ ካፌይን የሌለው ነገር ማታ ይዞ መቀመጥ በራሱ ያረጋጋል፤ ጣዕሙም ለሰዓቱ ይስማማል። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ከድናችሁ አቆዩት። ሽታውን የሚሰጠው ዘይት ከእንፋሎቱ ጋር ስለሚተን ክዳኑ የግድ ነው። ከረጢት ውስጥ ካለው ዱቄት ይልቅ ሙሉ አበባውን ግዙ፤ ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። እንደ አደይ አበባና የሱፍ አበባ ላሉ የዴዚ ወገን አበቦች አለርጂ ያለበት ሰው ይተወው። ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ያማክር።

*ናና*ና *ፔፐርሚንት* ከምግብ በኋላ ደስ ይላሉ። ፔፐርሚንት ሜንቶል ስላለው ቀዝቃዛ ስሜት ይሰጣል። ናና ለስለስ፣ ጣፈጥ ይላል። ቃር የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ፔፐርሚንት ሊያባብሰው ይችላል። በከብሱል የሚሸጠው የፔፐርሚንት ዘይት ለአንጀት ሕመም የተጠና ነው፤ ሻዩ ግን ያን ያህል ጥንካሬ የለውም።

*ዝንጅብል* ከዕፅዋት ሻይ ሁሉ የተሻለ ማስረጃ ካላቸው አንዱ ነው። ማቅለሽለሽን ያስታግሳል፣ የእርግዝናውንም ጭምር። እርጥቡና ደረቁ ይለያያሉ። ሲደርቅ ጂንጀሮል የሚባለው ንጥረ ነገር ከፊሉ ወደ ሾጋኦል ይለወጣል፤ ይህኛው የበለጠ ያቃጥላል። ሎሚ ሎሚ የሚል ለዛ የሚፈልግ እርጥቡን፣ ጉሮሮ የሚያሞቅ የሚፈልግ ደረቁን ይውሰድ። ስሩን ዝም ብሎ ከመንከር 10 ደቂቃ መቀቀል ይሻላል። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው በብዛት ከመጠጣቱ በፊት ሐኪም ይጠይቅ።

*ከርከዴ* ኮምጣጣ፣ ቀይ፣ ቀዝቅዞ ደግሞ ድንቅ ነው። በ2010 በታተመ ጥናት፣ የደም ግፊታቸው ከፍ ማለት የጀመረ 65 ሰዎች ተሳትፈዋል። ለ6 ሳምንት በቀን 3 ኩባያ የከርከዴ ሻይ የጠጡት የላይኛው የግፊት ቁጥራቸው በአማካይ በ7 ገደማ ወርዷል፤ ማስመሰያ መጠጥ የወሰዱት በ1 ገደማ። ጥሩ ዜና ነው፣ ግን የመድኃኒት ምትክ አይደለም። የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ለሐኪማችሁ ንገሩ። ነፍሰ ጡሮችም ሳያማክሩ ባይጠጡት ይመረጣል። አሲድ ስላለው ጥርስ ይነካል፤ ከጠጡ በኋላ ወዲያው ጥርስ አይቦረሽም። ኮምጣጣነቱን ለማሸነፍ አራት ማንኪያ ስኳር ከጨመራችሁ ደግሞ ሌላ ሻይ ምረጡ።

የቀሩትን ቶሎ ልለፍ። ጠጅ ሳር የሎሚ ሽታ አለው፤ ርካሽ ነው፣ ከሁሉም ጋር ይስማማል። ጦስኝ ቲሞል በሚባል ዘይቱ ጠንከር ያለ ነው፤ በማር ይጥማል። እርድ በውሃ ብቻ ሲፈላ ቀለምና ሽታ ይሰጣል፤ ዋናው ንጥረ ነገሩ ኩርኩሚን ግን በውሃ እምብዛም አይሟሟም። ሰማያዊው የቢራቢሮ አተር አበባ ሎሚ ሲጨመርበት ቀለሙ ወደ ወይን ጠጅ ይለወጣል። ልጆች ይወዱታል። ጣዕሙ ግን እምብዛም ስለሆነ ለዓይን ብቻ ግዙት።

ቅይጦች፤ ጀርባውን አንብቡ

ትልቁ ማሳሳቻ ያለው እዚህ ነው። ካርቶኑ ላይ እንጆሪ ተስሎ ውስጡ በአብዛኛው ከርከዴና የደረቀ ፖም ይሆናል። የንጥረ ነገር ዝርዝር የሚጻፈው ከብዙ ወደ ጥቂት ነው። የፊት ለፊቱን ሥዕል ተዉት፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ስሞች አንብቡ። የምትገዙት እነሱን ነው።

ሦስት ስሞች ላይ ቆም በሉ። ሊኮሪስ ስኳር ያልተጨመረበትን ቅይጥ የሚያጣፍጥ ስር ነው። በየቀኑ በብዛት ሲወሰድ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ፖታሲየም ይቀንሳል። ሰናመኪ «ሸንቃጣ» ወይም «ማጽጃ» በሚሉ ሻዮች ውስጥ ይገባል። የሚያስቀምጥ መድኃኒት ነው። የሚቀንሰው ኪሎ ውሃ እንጂ ስብ አይደለም፤ ደጋግሞ መጠጣቱ አንጀትን ሊጎዳ ይችላል። ሴንት ጆንስ ዎርት የሚባለው ዕፅ ደግሞ የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን፣ የኤችአይቪ መድኃኒትና ሌሎችንም ያዳክማል። ከድባቴ መድኃኒቶች ጋር ሲገናኝም አደገኛ ነው። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይህን በሻይ መልክ መጠጣት የለበትም።

ማጠቃለያ ሰንጠረዥ

| ዓይነት | ካፌይን | ጣዕም | ውሃና ጊዜ | ስህተት ይችላል? | የኩባያ ዋጋ | ጥንቃቄ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ጥቁር | መካከለኛ | ጠንካራ፣ ብቅል ብቅል የሚል | የፈላ፣ 3–5 ደቂቃ | በመጠኑ | ዝቅተኛ | ደም ማነስ |
| አረንጓዴ | ዝቅ ያለ | ሣር፣ ለውዝ | 70–80 ዲግሪ፣ 2 ደቂቃ | አይችልም | ዝቅተኛ–መካከለኛ | ደም ማነስ |
| ማቻ | ከፍ ያለ | ወፍራም፣ ቅጠላማ | 70–80 ዲግሪ፣ ይመታል | በመጠኑ | ከፍተኛ | እንቅልፍ |
| ነጭ | ይለያያል | ስስ፣ ጣፋጭ | 80 ዲግሪ፣ 4 ደቂቃ | በመጠኑ | ከፍተኛ | እንቅልፍ |
| ኡሎንግ | መካከለኛ | አበባ ወይም የተቆላ | 85–95 ዲግሪ፣ ብዙ ዙር | ይችላል | በዙር ሲካፈል ዝቅተኛ | እንቅልፍ |
| ፑኤር | መካከለኛ | አፈር፣ እንጨት | የፈላ፣ ብዙ ዙር | ይችላል | መካከለኛ | እንቅልፍ |
| ሮይቦስ | የለም | ጣፈጥ ያለ፣ ሙሉ | የፈላ፣ 5–15 ደቂቃ | በጣም ይችላል | ዝቅተኛ–መካከለኛ | ጎላ ያለ የለም |
| ካሞማይል | የለም | ፖም፣ ማር | የፈላ፣ ተከድኖ 5–10 ደቂቃ | ይችላል | ዝቅተኛ–መካከለኛ | አለርጂ፣ ዋርፋሪን |
| ፔፐርሚንት | የለም | ቀዝቃዛ፣ ጥርት ያለ | የፈላ፣ 5 ደቂቃ | ይችላል | ዝቅተኛ | ቃር |
| ዝንጅብል | የለም | የሚያቃጥል | መቀቀል፣ 10 ደቂቃ | በጣም ይችላል | በጣም ዝቅተኛ | ደም ማቅጠኛ |
| ከርከዴ | የለም | ኮምጣጣ | የፈላ፣ 5 ደቂቃ | ይችላል | ዝቅተኛ | ግፊት መድኃኒት፣ እርግዝና፣ ጥርስ |

ከረጢት ወይስ ልቅ ቅጠል?

በተለመደው ከረጢት ውስጥ ያለው አብዛኛውን ጊዜ የደቀቀ ቅጠል ነው። ቶሎ ይወጣል፣ ቶሎም ይመራል፤ ሁለተኛ ዙር የለውም። ለቢሮና ለጉዞ ግን የሚመቸው እሱ ነው። ለጥቁር ሻይና ለሮይቦስ ከረጢት ብዙም አይጎዳም። ለኡሎንግና ለካሞማይል ይጎዳል። ባለ ሦስት ማዕዘን ከሆኑት የሚያብረቀርቁ ከረጢቶች ብዙዎቹ ከናይሎን ወይም ከሌላ ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው። በ2019 በካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናት እንዲህ ያሉ ከረጢቶች በሙቅ ውሃ ውስጥ እጅግ ጥቃቅን የፕላስቲክ ብናኝ እንደሚለቁ አሳይቷል። እኔ ብሆን የወረቀቱን ወይም ልቅ ቅጠሉን እመርጣለሁ።

ለልቅ ቅጠል ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። ሰፋ ያለ ማጥለያና ክዳን ያለው ኩባያ ይበቃል። ትንሿን ኳስ መሰል የብረት ማጥለያ አትግዙ፤ ቅጠሉ የሚዘረጋበት ቦታ አይሰጥም።

ለማን የቱ?

ገንዘብ መቆጠብ ዋናው ጉዳይ ከሆነ አንድ ልቅ ጥቁር ሻይ ለጠዋት፣ ደረቅ ናና ወይም ዝንጅብል ለማታ ያዙ። ሌላ ነገር ሳይጨመር ቀኑን ይሸፍናሉ። መጠነኛ አቅም ካለ ነጭና ማቻን ዝለሉና ገንዘቡን አንድ ጥሩ ኡሎንግ ላይ አውሉት። አቅሙ ሰፊ የሆነ ሰው የፀደይ ዳርጂሊንግን፣ ነጭ ሻይንና ጥሩ ሴንቻን በትንሽ በትንሹ ይቅመስ።

ቡና ለመቀነስ የሚፈልግ ሰው በአንዴ ወደ ካሞማይል አይዝለል። ጠዋት አሳም ወይም ፑኤር፣ ከሰዓት ሮይቦስ ቢያደርግ ይዘልቅበታል። ጣፋጭ ለስላሳ መጠጥ ለመተው የሚታገል ሰው ከርከዴን ከጠጅ ሳር ጋር በፈላ ውሃ አዘጋጅቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያኑረው። አረንጓዴ ሻይ የመረራቸው ደግሞ ቅጠሉን በቀዝቃዛ ውሃ ነክረው ከ6 እስከ 8 ሰዓት ማቀዝቀዣ ውስጥ ያቆዩት። ምሬትና ካፌይን በቀዝቃዛ ውሃ በደንብ ስለማይወጡ ጣፋጩ ክፍል ብቻ ይጎላል። ይህን በዕፅዋት አታድርጉት። እነሱን ለንጽሕናቸው ሲባል መጀመሪያ የፈላ ውሃ ይንካቸው።

ለነፍሰ ጡር ዝንጅብል በመጠኑና ሮይቦስ ቀላል ምርጫዎች ናቸው። ቃር ላለበት ሮይቦስ ይሻለዋል። ሆድ መነፋት የሚያስቸግረው ከምግብ በኋላ ናና ወይም እንስላል ይሞክር። እንስላልን ግን ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር ያለ ሐኪም ምክር አትስጡ።

ከመግዛት በፊት አወዳድሩ

ሻይ ቀማሾች የሚጠቀሙበት አይኤስኦ 3103 የሚባል ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ። በ100 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ 2 ግራም ቅጠል፣ 6 ደቂቃ ይላል። ለመጠጣት ጠንከር ይላል፤ ለማወዳደር ግን ጉድለትን ቁልጭ አድርጎ ያወጣል። ቤት ውስጥ ሐሳቡን ውሰዱ። ከአንድ ወገን የሆኑ ሦስት ዓይነቶችን 25 ግራም 25 ግራም ግዙ። በእኩል ግራም፣ በአንድ ውሃ፣ በእኩል ደቂቃ አፍሉና ጎን ለጎን ያለ ስኳር ቅመሱ። ትኩስ ሳለ አንዴ፣ ቀዝቀዝ ሲል አንዴ። ጥሩ ሻይ ሲቀዘቅዝም ይጥማል። ሦስቱም ደብዛዛ ከሆኑ ጥፋቱ የውሃው ሊሆን ይችላል፤ ማዕድን የበዛበት ውሃ ሻዩ ላይ ቀጭን ቆዳ ያወጣል፣ ሽታውንም ያፍናል። በተጣራ ውሃ ድገሙት።

የወደዳችሁትን ስትገዙም በብዛት አታከማቹ። ብርሃን፣ አየር፣ እርጥበትና ሽታ ሻይን ያበላሹታል። ስለዚህ በመስታወት ማሰሮ ፀሐይ ላይ አታስቀምጡ፤ ከቅመም አጠገብም አታድርጉት። ክዳኑ ጥብቅ የሆነ ቆርቆሮ ይሻላል። ጥቁር ሻይ እስከ 2 ዓመት፣ ዕፅዋት 1 ዓመት ያህል ይቆያሉ። ፑኤር በአግባቡ ከተቀመጠ ለዓመታት ይቆያል። አረንጓዴ ሻይ ግን ከተከፈተ በጥቂት ወራት ውስጥ ማለቅ አለበት።